ቤቱ ቢከፈልም ባለቤቱ አይከፈልም

አንድን ቤት በየክፍሉ ለአጭር ጊዜ እንግዳ ስለማከራየት

ወደ ቅድስት ከተማ ኢየሩሳሌም የሚመጡ ተሳላሚዎች ቀድሞ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ይቀበለናል?» ብለው ነበር። ዛሬ ከአውሮፕላን የሚወርዱት ብዙዎች «የበሩ ቍጥር ስንት ነው?» ይላሉ። በስልካቸው የአንዲት ክፍል ፎቶግራፍ፣ የጎዳና ስምና በሩን የሚከፍት የምስጢር ቍጥር ይዘው ይመጣሉ። ክፍሏን ያከራየው ማን እንደ ሆነ፣ ከግድግዳው ማዶ ማን እንደሚያድር፣ ሌሊት ውኃ ቢቋረጥ ማንን እንደሚጠሩ ግን አያውቁም።

ይህም የሆነው አንድ ቤት በውስጡ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንድ ጊዜም ስድስት ትንንሽ ማደሪያ ሆኖ እየተከፈለ፣ እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ መታጠቢያና የራሱ ምድጃ ተበጅቶለት፣ በሌሊት ሒሳብ ለእንግዳ የሚከራይበት ልማድ ስለ በዛ ነው። ስለዚሁ ነገር ከሁለት ወገን ጥያቄ ይቀርብልናል። አንደኛው ወገን በዚህች ከተማና በአካባቢዋ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ናቸው፤ «ቤታችንን ከፍለን ለተሳላሚ ብናከራይ ይጠቅመናልን? ደግስ ነውን?» ይሉናል። ሁለተኛው ወገን ተሳላሚዎቹ ናቸው፤ «እንዲህ ባለው ማደሪያ ብናርፍ ምን እንጠንቀቅ?» ይሉናል። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እርሱ ግን አልጠየቀንም። ይኸውም ለዓመታት በኖረባት ክፍል ሳለ «ለእንግዳ ልናደርጋት ነውና ልቀቅ» የተባለው ነዋሪ ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሦስቱንም ወገኖች በአንድነት እያሰብን ነው።

ስለ ቃሉ

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። በግእዝ «ኀደረ» ማለት ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው፤ «ማኅደር» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። በአማርኛችን ግን «አደረ» ስንል ሌሊቱን አሳለፈ ማለታችን ነው። የሚኖረውና የሚያድረው፣ ነዋሪውና እንግዳው፣ በአንድ ግስ ሥር የተጠለሉ ናቸው። አባቶቻችን ለአንድ ሌሊት የመጣውን ሰው ከቤቱ ኑሮ ለይተው አላዩትም ማለት እንችላለን፤ ያደረ ሁሉ ለዚያች ሌሊት የቤቱ ሰው ነበርና።

«ከፈለ» የሚለውም ሁለት ፍች አለው፤ ለየ፣ አካፈለ ማለትም ነው፣ ዋጋ ሰጠ ማለትም ነው። ቤትም ይከፈላል፣ ኪራይም ይከፈላል። ቤቱን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ኪራዩን የሚከፍለው እንግዳው ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የማይከፈል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ባለቤትነት ነው። ጣራው አንድ ነው፣ የውኃው ቧንቧ አንድ ነው፣ የመንገዱ በር አንድ ነው፤ በእነዚህ ላይ ለሚደርሰው ሁሉ የሚጠየቀውም ሰው አንድ ነው። ግድግዳ ስለ ተተከለ ኀላፊነቱ በየክፍሉ ተበትኖ አይጠፋም። የጽሑፋችን ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የቀረው ማብራሪያው ነው።

ከጥንት የተያዘ ሥርዓት

ከቤት ላይ ለእንግዳ ክፍል መለየት አዲስ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ ሱነማይቱ ሴት ከባሏ ጋር ተማክራ ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነት ላይ ትንሽ ቤት ሠራችለት፤ አልጋ፣ ገበታ፣ ወንበርና መቅረዝም አኖረችበት። የእንግዳ ማረፊያ ሊኖረው የሚገባው በእነዚህ በአራቱ ዕቃዎች ተጠቃሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ማረፊያ፣ መመገቢያ፣ መቀመጫ፣ ብርሃን። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሴቲቱ እዚያው ቤት ትኖር እንደ ነበር ነው። ነቢዩ ሲጠራት ከበሩ የምትቆም ነበረች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረው ደጉ ሳምራዊም የቈሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ሲወስደው ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ገንዘቡን የተቀበለው ባዶ ግድግዳ ሳይሆን የሚጠብቀው የማደሪያው ባለቤት ነበር።

በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ አጠገብ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ያሠራው ማረፊያ በታሪክ የታወቀ ነው። በአባ ጳኵሚስ ሥርዓት በሚኖሩ ገዳማትም እንግዳን የሚቀበል በረኛ በገዳሙ በር ይመደብ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ክፍሎቹ ብዙ ቢሆኑም ተቀባዩ የታወቀ ነው።

ከኢየሩሳሌም ቤቶች ታሪክም የምንማረው አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአውሮፓ አገሮች ለተሳላሚዎቻቸው ትልልቅ ማረፊያዎችን አሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1863 የተከፈተው የኦስትሪያ ማረፊያ ዛሬም በቀድሞ ስሙ እንግዳ ይቀበላል። ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ሩስያውያን ያሠሩት ሰፊ ግቢም ለወንዶችና ለሴቶች የተለያየ ማረፊያ ነበረው። የሩስያ ተሳላሚዎች ጉዞ ከተቋረጠ በኋላ የሴቶቹ ማረፊያ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ወህኒ ቤት ሆነ፤ ዛሬም የዚያ ዘመን እስረኞች መታሰቢያ ቤተ መዘክር ሆኖ ይታያል። ለእንግዳ የተሠሩ ክፍሎች፣ የሚያስተናግዳቸው ሲጠፋ፣ ለእስረኛ ክፍልነት ተስማሚ ሆነው ተገኙ። ለማረፊያና ለወህኒ ልዩነቱ የግድግዳው አሠራር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የእኛም ነገሥታትና መኳንንት፣ እቴጌዎችና ወይዛዝርት በዚህች ከተማ ቤት እየገዙና እያሠሩ ለገዳማችን አውርሰዋል። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1882 ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ሲፈጸም፣ በዙሪያው ያለው ጎዳና በኢትዮጵያ ስም ተጠራ። በነቢያት ጎዳናም ንግሥት ዘውዲቱ በ1920ዎቹ ያሠሩት ባለ ሞዛይክ ሕንፃ ቆሞ ይታያል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በኪራይ የሚገኘው ገቢ ለመነኮሳቱ ቀለብና ለመብራቱ ዘይት እንዲሆን የተሰጡ ናቸው። ስለዚህ ኪራይን እንደ ነውር ልንቈጥር አይቻለንም። ገዳማችን ከኪራይ ኖሯል፤ ይኖራልም።

በዴር ሡልጣን ያሉት ትንንሽ ቤቶችም አንድ ግቢ በብዙ ክፍል ቢከፈል እንዴት እንደሚኖርበት በየቀኑ ያሳዩናል። እያንዳንዱ መነኵሴ የራሱ በር፣ የራሱ ጸጥታ አለው፤ ደጁ ግን አንድ ነው፣ ሕጉ አንድ ነው፣ የሚጠየቀውም አስተዳዳሪ አንድ ነው። አንዱ ቢታመም ጎረቤቱ ሳይሰማ አያድርም።

ስሌቱ እንዴት ነው?

ቤት ያላቸው ወገኖች በመጀመሪያ የሚያነሡት የገንዘቡን ነገር ነውና እኛም በግልጽ እንነጋገርበት። የአንዲት ሌሊት ዋጋ በ30 ሲባዛ ከወር ኪራይ እጅግ ይበልጣል፤ ልብን የሚማርከውም ይህ ማባዛት ነው። ነገር ግን ሌሎች ቍጥሮችም አሉ።

ለአራት የተከፈለ አንድ ቤት እናስብ። በ30 ቀን ወር ውስጥ 120 የኪራይ ሌሊቶች አሉት። አንድ እንግዳ ሦስት ሌሊት ቢያድር፣ ቤቱ ሞልቶ ሲውል በወር 40 ጊዜ እንግዳ ይገባል፣ 40 ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ 40 ጊዜ አንሶላ ይታጠባል፣ 40 ጊዜ መታጠቢያው ይጸዳል፣ 40 ጊዜ «ደረስን፣ በሩ አልከፈት አለ» የሚል ስልክ ሊደወል ይችላል። ግማሹ ብቻ ቢሞላ እንኳ 20 ጊዜ ነው። ያንኑ ቤት ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ውል የሰጠ ሰው ቁልፉን የሚያስረክበው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ አብዛኛው የድካም ዋጋ ነው። ድካሙን የሚሸከም ሰው ከሌለ ለሌላ ይከፈላል፤ እንግዳውን የሚያገናኘው ኩባንያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ሌላው ነገር ዓመቱ ሁሉ ትንሣኤ አለመሆኑ ነው። ተሳላሚ በሰሙነ ሕማማትና በታላላቅ በዓላት ይጎርፋል፤ በሌላው ወራት ይሳሳል። ከዚህም በላይ መንገዱ ጭራሽ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ በዐይናችን አይተናል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ጀምሮ በወረርሽኙ ምክንያት አገሪቱ ለውጭ ጎብኚዎች ለረጅም ጊዜ ተዘግታ ነበር። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ማረፊያዎች በጥቂት ቀናት ባዶ ሆኑ። በጁን 2025 ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ተሳላሚ መግባትም መውጣትም ያልቻለበት ጊዜ ነበር። በእነዚህ ጊዜያት በዓመት ውል ያከራየ ሰው ከተከራዩ ጋር ተነጋግሮ፣ ጥቂት ቀንሶም ቢሆን፣ የዕለት እንጀራውን አላጣም። ከባንክ ተበድሮ ቤቱን ለአምስት የከፈለ ሰው ግን አምስት ባዶ ክፍልና አንድ ሙሉ ዕዳ ይዞ ቀርቷል።

ስለዚህ ለሚጠይቁን ሁሉ አንድ መፈተኛ እንሰጣለን። ወሩን ሁሉ በ30 ቀን ብንቈጥር ባለ አራት ክፍሉ ቤት በዓመት 1,440 ሌሊቶች አሉት። ሁለት ወር ፈጽሞ ተዘግቶ፣ በቀሩት ዐሥር ወራት ግማሹ ብቻ ቢሞላ የሚከራዩት ሌሊቶች 600 ናቸው። በ600 ሌሊት ሒሳቡ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሊታሰብበት ይችላል። በ1,440 ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን መሠረቱ በአሸዋ ላይ ነው።

ውኃው፣ በሩና መጠለያው

ቤት ሲሠራ ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ ነው የሚሠራው። የውኃው ቧንቧ፣ የፍሳሹ ቱቦ፣ የመብራቱ ቆጣሪ፣ በጣራው ላይ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ በርሜል በዚያ ልክ ተመጥነዋል። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የፀሐይ ማሞቂያ መኖሩ በሕግ የታዘዘ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ በርሜል ብዙውን ጊዜ 150 ሊትር ያህል ይይዛል። ቤተሰብ ተራ በተራ ይታጠባል። ተሳላሚዎች ግን ለኪዳንና ለቅዳሴ በአንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ በአራት ክፍል ያሉ ስምንት እንግዶች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰዓት ቧንቧ ይከፍታሉ። የኢየሩሳሌም ክረምት ብርዱ ጽኑ ነውና የመጨረሻዎቹ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በየክፍሉ ሲጨመር ደግሞ ለአንድ ቤት የተዘረጋው ሽቦ የአራት ቤት ሸክም ይጫንበታል። እሳት የሚነሣው ከዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመጠለያው ነገር ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በእስራኤል የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች «ማማድ» የሚባል በብረትና በኮንክሪት የተጠናከረ አንድ ክፍል እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። ቤቱ ሲከፈል ማማዱ በአንደኛው እንግዳ ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜም መኝታው ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ የተቀሩት እንግዶች ወዴት ይሂዱ? የተቈለፈ በር ያንኳኩን? በኢየሩሳሌም ለሮኬት ጥቃት ሲነገር የቆየው ጊዜ 90 ሰከንድ ያህል ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቁ፣ ጕልበታቸው ለደከመ እናት ይህ ምንም ያህል አይደለም። በአሮጌዎቹ ቤቶች ማማድ የለም፤ ስለዚህ በአቅራቢያ ያለው የሕዝብ መጠለያ የት እንደ ሆነ፣ በሩም ክፍት መሆኑን አስቀድሞ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዝዛል። ያን ጊዜ የሰገነት መከታ የነበረው ዛሬ ማማዱ፣ የእሳት ማጥፊያውና መውጫው ነው።

የሕጉም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የዕቅድና የሕንፃ ሥራ ሕግ መሠረት መኖሪያ ቤትን ወደ ብዙ መኖሪያ መክፈል ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያለ ፈቃድ የተተከለ ግድግዳ ሊያስቀጣና ሊፈርስ ይችላል። አርኖናውም፣ የገቢ ግብሩም ለመኖሪያ ከሚከራይ ቤት ጋር አንድ ላይሆን ይችላልና ሒሳብ ዐዋቂንና የሕግ ባለሙያን ቀድሞ ማማከር ግድ ነው። ቤቱ የጋራ ሕንፃ ከሆነ ደረጃውና በሩ የጎረቤትም ነው። ቤቱን ራሱ ተከራይቶ የያዘ ሰው ደግሞ ውሉ ሳይፈቅድለት ለሌላ ቢያከራይ፣ የእንግዳውን ገንዘብ የተቀበለው በእጁ በሌለ ነገር ላይ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሆሳዕና ዋዜማ አራት ተሳላሚዎች ሌሊት ደረሱ። የተሰጣቸው ቍጥር በሩን አልከፈተም፤ የተሰጣቸው ስልክ አልተነሣም። ከመካከላቸው አንዲት አረጋዊት እናት በደረጃው ላይ በሻንጣቸው ተደግፈው ተቀመጡ። በስተመጨረሻ በላይኛው ፎቅ የሚኖር፣ ሃይማኖታቸውንም ቋንቋቸውንም የማያውቅ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ሻይ አፈላላቸው፤ እስኪነጋም በሳሎኑ አሳደራቸው። ክፍሉን ያከራየው ሰው በሌላ አገር ይኖር እንደ ነበር በማግሥቱ ታወቀ። ገንዘቡን የወሰደው አንዱ፣ እንግድነቱን የተቀበለው ሌላው ሆነ።

ከተሞች ምን ወሰኑ?

ይህ ነገር የኢየሩሳሌም ብቻ አይደለም። ኤርቢኤንቢ የተባለው ኩባንያ በ2008 ሲመሠረት መነሻው ሁለት ወጣቶች በሳን ፍራንሲስኮ በሚኖሩበት ቤት ወለል ላይ በአየር የሚነፉ ፍራሾች ዘርግተው፣ ቍርስ ጨምረው እንግዳ ማሳደራቸው ነበር። ስሙም የመጣው ከዚሁ ፍራሽ ነው። ያን ጊዜ አስተናጋጁ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ። በኋላ ግን ማንም የማይኖርባቸው፣ ለዚሁ ሲባል የተከፋፈሉ ቤቶች በየከተማው በዙ፤ ከተሞቹም ሕግ አወጡ።

ለንደን አንድ ሙሉ ቤት ያለ ልዩ ፈቃድ በዓመት ከ90 ሌሊት በላይ እንዳይከራይ ከለከለች። አምስተርዳም በዓመት 30 ሌሊት ብቻ ፈቀደች። ባርሴሎና ለጎብኚዎች የሚከራዩ ከ10,000 በላይ ቤቶችን ፈቃድ ባለማደስ እስከ 2028 መጨረሻ ፈጽማ እንደምታስቀር በ2024 አስታወቀች። ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚቀርበው ኒው ዮርክ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ ነው። ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው ተመዝግቦ፣ እዚያው ቤት ከእንግዳው ጋር ሊኖር ይገባዋል፤ ከሁለት በላይ ከፋይ እንግዶችንም አያሳድርም፤ እንግዳው ከቤቱ ክፍሎች በቁልፍ ሊታገድ አይችልም። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች የከተማ አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ የደረሱበት ቦታ ግን ሱነማይቱ ከነበረችበት ቦታ ነው። አስተናጋጁ በቤቱ ይገኝ ብለዋልና።

ያልጠየቀን ነዋሪ

ከተሞቹ ይህን ሁሉ ሕግ ያወጡበት ዋና ምክንያት የነዋሪው መኖሪያ ማጣት ነው። በዚህችም ከተማ ያሉ ወገኖቻችን ነገሩን በየቤታቸው ያውቁታል። በሰው ቤት አረጋውያንን እያስታመሙ፣ በጽዳት ሥራ እየደከሙ የሚኖሩ እኅቶችና ወንድሞች የሚከራዩት ትንንሾቹን ክፍሎች ነው። እነዚያው ክፍሎች ናቸው ለተሳላሚ የሚፈለጉት፤ ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ፣ ዋጋቸውም መካከለኛ ነውና። ስለዚህ በዐቢይ ጾም መጨረሻ የሚመጣው ተሳላሚና በዓመት ውል የሚኖረው ነዋሪ፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንዲት አልጋ ላይ ተወዳዳሪዎች ይሆናሉ። በእሑድ ቅዳሴ ግን ጎን ለጎን ይቆማሉ።

በዚህ ጉዳይ የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ባዶ የነበረን ክፍል ለእንግዳ ማሰናዳት መልካም ነው። ልጆቹ ወጥተው ቤቱ የሰፋበት ሰው አንድ ሁለት ክፍል ለይቶ፣ እርሱም በአንዱ እየኖረ ቢያከራይ፣ ራሱም ይጠቀማል፣ ተሳላሚውም ያርፋል። ሰው የሚኖርበትን ክፍል ለማስለቀቅና ለሌሊት ኪራይ ለማድረግ ግን ምክራችንን አንሰጥም። እንግዳ መቀበል የሚባለው አስቀድሞ የተቀበሉትን ሳያስወጡ ነው።

ቤት ላላቸው

እንግዲህ ለሚያከራዩ የምንለው እንዲህ ነው። ከግድግዳው በፊት ፈቃዱን ያዙ። በእያንዳንዱ ክፍል ሳይሆን በቤቱ ሁሉ ላይ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ባለቤቱ መኖር ባይችል በእግር ሊደርስ የሚችል፣ ስሙና ስልኩ በግድግዳ የተለጠፈ መጋቢ ይሾም። ማማዱ የጋራ ይሁን እንጂ የአንድ እንግዳ መኝታ አይሁን። በስም የሚቀበል ሰው ሳይኖር እንግዳ በሌሊት አይግባ። ዋጋውን ሁሉ፣ የጽዳቱንም ጨምሮ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በረራ ቢሰረዝ ከቀብዱ ምን ያህል እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሁን። ለጎረቤቶቻችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሌሊት ሻንጣ ሲጎተት የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና።

ከዐሥር ሌሊት አንዷን ደግሞ ለሌለው ብትለዩ መልካም ነው። ከላይ ባሰብነው ሒሳብ ከ600 ሌሊት 60 ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን አጠራቅመው የመጡ፣ ለመመለሻ እንጂ ለማደሪያ ያልተረፋቸው ሽማግሌዎችና አረጋውያት በየዓመቱ ወደ ገዳማችን ይመጣሉ። የእኛ ቦታ ጠባብ ነው፤ የእናንተ አንዲት ሌሊት ብዙ ታግዛለች።

ለተሳላሚዎች

ክፍል የምትይዙ ተሳላሚዎችም ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁ። አስተናጋጁ ማን ነው፣ የሚያድረውስ የት ነው? በዚያ ቤት ስንት ክፍል ይከራያል? መጠለያው የት ነው? ስንት ደረጃ ይወጣል? በአሮጌው ከተማ ውስጥ ብዙው መንገድ ደረጃ ነው፤ መኪናም አይደርስምና አረጋውያን ካሉባችሁ ይህን አትዘንጉ። ከቤተ ክርስቲያን ያለውን ርቀት በእግር ጠይቁ፤ ዓርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት እስከ ቅዳሜ ማታ በምዕራቡ የከተማ ክፍል አብዛኛው አውቶቡስ አይሠራም። በቀዳም ሥዑርም ወደ ጎልጎታ የሚወስዱት መንገዶች በፖሊስ ስለሚታጠሩ፣ ክፍሉ ቅርብ ነው ብላችሁ ብቻ አትተማመኑ፤ አስቀድማችሁ ከገዳሙ ጠይቁ።

ዋጋው እጅግ ርካሽ ሆኖ ባለቤቱ የማይታወቅበት ክፍል ከሆነ ተዉት። ክፍሉን ከያዛችሁ በኋላም የቤቱን ሥርዓት ጠብቁ፤ በውኃው ቆጥቡ፤ ሌሊት ለጸሎት ስትነሡ ከግድግዳው ማዶ ለሥራ በማለዳ የሚነሣ ሰው መኖሩን አስቡ። በደረጃው የምታገኙትን ሰላም በሉ፤ በችግር ሌሊት በሩን የሚከፍትላችሁ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ለሁላችሁም የምንመኘው በመንገዳችሁ የቈጠራችሁት በር ሳይሆን የተቀበላችሁ ሰው እንዲታወሳችሁ ነው። ክፍል ለሚያሰናዱ ወገኖቻችንም፣ ክፍሉን ስታሳምሩ ከአልጋው፣ ከገበታው፣ ከወንበሩና ከመቅረዙ ጋር ራሳችሁንም በቤቱ አኑሩ እንላለን። ለበዓለ ትንሣኤ የሚያስተናግዱ ሁሉ ስማቸውንና የቤታቸውን አድራሻ አስቀድመው ለገዳሙ መጋቢ ቢያስታውቁ፣ ሌሊት ለሚደርሱት ማንን እንደምንጠራ እናውቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።